ዳገት ላይ የተካደው መካኒክ

ያምሮት ወንዳወቅን የወደደችው «ይቻላል» ባላት ቀን ነው። በኋላ ሁለቱንም አንገት ያስደፋቸው ይኸው ቃል ነው፤ ያኔ ግን ማን ያውቃል።

ቡሬ ውስጥ ቤንዚን የጠፋበት ሰሞን ነበር። ባጃጆችና ሚኒባሶች ማደያው በር ላይ ተሰልፈው ይውላሉ፤ ሹፌሮቹ መሪያቸው ላይ ተደፍተው ያንቀላፋሉ። የያምሮት አባት አቶ ንብረት የበቆሎና የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ከአዲስ አበባ ያስመጧት ነጭ መኪና ቱርቦ ያላት፣ እንደ ስለት ልጅ የሚሳሱላት ናት። እሷም እንደ ሌሎቹ ግቢ ውስጥ አቧራ ለብሳ ቆመች። መኪናዋን የምትነዳው ያምሮት ነበረች። አባቷ «እኔ በቅሎ እንጂ መኪና አልገራሁም» ይላሉ።

በነቀምት መንገድ ዳር ያለ አንድ ጋራዥ መኪናን በጋዝ እንዲሄድ አድርጎ ይቀይራል ሲባል ያምሮት ሰማች። ጋዙ ሌላ አይደለም፤ ወጥ የሚሠራበት ያው ጋዝ ነው። ሲሊንደሩ ከኋላ ይታሠርና በቱቦ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ታንከሩ ውስጥ በቀረችው ቤንዚን እየተንገጫገጨች ጋራዡ ደረሰች።

«ቱርቦ ናት» አለችው መካኒኩን። «ቱርቦም ይቻላል?»

ወንዳወቅ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አየ። ያረጁ ሚኒባሶችን በጋዝ ቀይሯል፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ግን ነክቶ አያውቅም። ይህንኑ መናገር ነበረበት። ቀና ሲል ግን ያምሮት ፀሐይ እንዳይመታት እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ዓይን ዓይኑን እያየችው ነበር። እንዲህ እያዩት «አላውቅም» የሚል ወንድ ጎጃም ውስጥ ካለ እኔ አልገጠመኝም።

«ይቻላል» አለ።

«ከዚህ በፊት ሠርተሃል?»

«ብዙ!»

ቱርቦ ማለት አየርን በኃይል ወደ ሞተሩ የሚነፋ ነገር ነው። ዳገት ሲመጣና ጭነት ሲከብድ አየሩ ይበረታል፤ ጋዙም አብሮ እንዲበረታ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ይፈልጋል። ወንዳወቅ እጅ ላይ የነበረው ለአሮጌ ሚኒባስ የመጣ ዕቃ ነው። እሱኑ ገጠመው። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ወጣ ብለው ሜዳ ሜዳውን ሞከሯት፤ መኪናዋ ጸጥ ብላ ሄደች። ያምሮት እንደ ልጅ አጨበጨበች። ወንዳወቅም የዋሸውን ውሸት ለጊዜው ረሳው።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ በየሰበቡ መታመም ጀመረች።

«ድምፅ አላት» ትላለች ያምሮት መጥታ።

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«እኔ ምን አውቄ? መካኒኩ አንተ!»

ድምፅ እንደሌላት ሁለቱም ያውቃሉ። ወንዳወቅ ግን ኮፈኑን ይከፍታል፣ አንዱን ብሎን ይፈታና መልሶ ያጠብቃል። ያምሮት አጠገቡ ቆማ ስለ ዩኒቨርሲቲ ቆይታዋ፣ ስለ አባቷ ቁጣ፣ ስለ ምኑም ታወራለታለች። ወሬው ሲያልቅ ዝም ይላሉ። ዝምታው ከወሬው ይልቅ የሚጣፍጥ ነበር።

አንድ ቀን ስትሄድ መስኮቱን ተደግፎ፣ «ዳገት ላይ ግን አታስጨንቂያት» አላት።

«ለምን?»

«እንዲሁ ነው። አዲስ ስለሆነች።»

ይህን ሲል ፊቱ ቀላ። ያምሮት ስለ እሷ ተጨንቆ መሰላትና ደስ ብሏት ሄደች።

ጾሙ ሊፈታ ሲል ያምሮት ፈራች። «ልጅዎ ጋራዥ ስትመላለስ ታየች ብሎ አንድ ሰው ለአባቴ ቢነግራቸው ጉዴ ነው» አለችው።

«እንግዲያ በወጉ ይሁን» አለ ወንዳወቅ። «ለዳግማ ትንሣኤ ሽማግሌ እልካለሁ። እስከዚያ ግን ድምፅ አላት እያልሽ አትምጪ።»

«ድምፅ ካላትስ?»

«ያው ከሽማግሌዎቹ ጋር ትመጫለሽ።»

በፋሲካ ሳምንት ሽንዲ ያለችው የአቶ ንብረት እኅት ልጇን ክርስትና ልታስነሣ ነበርና ቤተሰቡ በመኪና ተነሣ። ያምሮት ትነዳለች፤ አቶ ንብረት ጎኗ፣ እናቷ ወይዘሮ ሀብትነሽ ከኋላ፣ ከእሳቸውም ኋላ የጤፍ ጆንያና እግሩ የታሠረ በግ። አባትየው መንገዱን ሙሉ አፋቸው አልቦዘነም። «ሰዉ ቤንዚን ሲለምን እኛ በወጥ መሥሪያ ጋዝ!» ይሉና ይስቃሉ።

ከቡሬ ብዙም ሳይርቁ አንድ ዳገት ላይ መኪናዋ መሳብ አቃታት። ያምሮት ነዳጅ መስጫውን ረገጠች። ሞተሩ ተንተባተበና ከኮፈኑ ሥር «ጧ!» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ኪዳነ ምሕረት!» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ።

የአየር ማጣሪያው ሣጥን ተሰንጥቋል። የተበላሸ ሽንኩርት የመሰለ የጋዝ ሽታ መኪናዋን ሞላት። ሁሉም እየተደናበሩ ወረዱ፤ በጉም ገመዱን ፈትቶ ወረደና ቁልቁል ተፈተለከ። ቀኑ ገበያ ነበር። የገበያ ሰው ግማሹ በጉን ሊይዝ ሮጠ፣ ግማሹ መኪናዋን ከቦ ቆመ። የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ ያምሮት ግን ከሰዉ ፈቀቅ ብላ ወንዳወቅ ጋ ደወለች። «ና» አለች። «ቶሎ ና።»

ወንዳወቅ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ በባጃጅ ደረሰ። ማንንም ሳያይ የሲሊንደሩን መዝጊያ ዘጋና ኮፈኑን ከፈተ። የሚኒባሱ ዕቃ ቱርቦዋን እንዳልቻለ ወዲያው ገባው፤ ገና ሲገጥመው ጀምሮ ልቡ ያውቀው ነበር።

«አንተ ነህ የሠራሃት?» አሉ አቶ ንብረት።

«አዎ ጌታዬ።»

«ቱርቦ አውቃለሁ ብለህ?»

ወንዳወቅ መፍቻውን አነሣ። በዚህ መሀል ጌሾ የተሸከመች አንዲት የሠፈራቸው ሴት ከሰዉ መካከል አንገቷን አስግጋ፣ «ይህ የያምሮት መካኒክ አይዶለም እንዴ? በጋራዡ ባለፍሁ ቁጥር እዚያው ናቸው» አለች።

አቶ ንብረት ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሰዉም አብሮ ዞረ።

«ታውቂዋለሽ?»

ያምሮት ወንዳወቅን አየችው። እጁ ግራሶ በግራሶ ነው፤ ሸሚዙ ላብ ለብሷል፤ ከፊቱ ደግሞ እሱ ያበላሻት መኪና ትጨሳለች። ይህን ሰው የእኔ ነው ማለት በዚያች ሰዓት ከበዳት።

«አላውቀውም» አለች። «ጋራዥ ነው፤ መኪና አስገባሁ፣ አወጣሁ። ማን እንደሆነ የት አውቄ?»

ብሎን ሊፈታ የነበረው የወንዳወቅ እጅ ቆመ።

«እውነታቸውን ነው» አለ ቀና ሳይል። «እኔም አላውቃቸውም። የማውቀው መኪናቸውን ነው።» ከዚያ እጁን ዘረጋ። «እኅቴ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

ይስጡኝ። ትናንት «አንቺ» ያላት ሰው። ያምሮት ቁልፉን ጣቱን ሳትነካ መዳፉ ላይ ጣለችው።

በጸሎተ ሐሙስ ጴጥሮስ ጌታውን ሲክድ ሲነበብ ሰምታ «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላ ታዝባው ነበር። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አሁን ገባት፤ እንደ እሷ ያለ ሰው ነው።

ወንዳወቅ መኪናዋን ጎትቶ ወስዶ የጋዙን ዕቃ ነቀለና ወደ ቀድሞዋ መልሶ በሌላ ሹፌር ላካት። ቃል አልላከም። ያምሮት ስልኳን ታነሣለች፣ ቁጥሩን ታወጣለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ምን ትበለው? ይቅርታ ለማለትም እኮ መጀመሪያ እንደምታውቀው ማመን ያስፈልጋል። እናቷ «ምግብ ምን አደረገሽ?» ሲሏት እንኳ ቀና ብላ ማየት አፈረች። ሽማግሌ እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበረች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ማን ይልካል?

የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ክንፈሚካኤል ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ሁለት አዛውንት አስከትለው በአቶ ንብረት በር ላይ ቆሙ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ንብረት።

ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መምሬ፤ ወጉ ነውና። ያምሮት ከእናቷ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታዳምጣለች።

መምሬ ክንፈሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ግንባራቸውንም ጠረጉ።

«ሽማግሌ ሲላክ» አሉ፣ «የልጁን ዘር ይቆጥራል፣ ጠባዩን ያወድሳል። ይኸው ነው የለመድነው። የዛሬው ግን አስምሎናል። መጀመሪያ ጥፋቴን ንገሩልኝ፣ ከዚያ ጠይቁልኝ ብሎ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሽምግልና ገጥሞኝ አያውቅም፤ ከተላከው የላክነው ሳንሆን አልቀረንም የምናፍር።»

አንደኛው አዛውንት በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። «ተላክን እንጂ አልላክንም።»

«ያው ነው! አፍሬ ነው የተምታታብኝ። ጌታዬ፣ ልጁ ወንዳወቅ ይባላል፤ መኪናዎን የሠራው ነው። ቱርቦ የሚሉትን ነገር ነክቶ አያውቅም ነበር። አላውቅም ማለት አቅቶት ዋሸ። ዳገቱ ላይ እርስዎንም ቤተሰብዎንም ሊያስጨርስ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ ይላል።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እንዲሁም... ልጅዎን ለትዳር ይሰጡኝ ይላል።»



«መኪናዬን አፈንድቶ ልጄን?» አሉ አቶ ንብረት።

«አዎን... እንደዚያ ሁኗል።»

«ለመሆኑ ከወዴት ያውቃታል? እሷ አላውቀውም ብላኛለች። እሱም በገዛ አፉ አላውቃቸውም ብሏል።»

መምሬ መሬት መሬት አዩ። ወንዳወቅ የእሱን ጥፋት አንድ ሳያስቀሩ እንዲናገሩ፣ የልጅቱን ነገር ግን በአፋቸው እንዳያነሡ ነበር ያስማላቸው።

«አይቷታል» አሉ። «በሩቅ።»

«በሩቅ ላየ ሰው ልጅ አይሰጥም። ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ በሰላም ሂዱ።»

አዛውንቶቹ ዘንጋቸውን አነሡ። ያምሮት ዝም ብትል ውሸቷ ተሸፍኖ ይቀራል፤ ወንዳወቅም ለዘላለም ይቀራል። እናቷ እጇን ያዟት። «አንቺ ልጅ፣ ወዴት ልትሄጂ ነው?»

ልጃገረድ ሽማግሌ ፊት ሳትጠራ አትወጣም። ያምሮት መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«አባባ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉም ባሉበት ቆሙ።

«አውቀዋለሁ። ለዛሬ ሽማግሌ እንዲልክ የተስማማነው አብረን ነው። ዳገቱ ላይ ሰው ሲሰበሰብ በእሱ አፈርኩና ካድኩት። አላውቃቸውም ያለው እኔን ሊሸፍን ነው።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?» አሉ አባቷ።

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።»

«እሱ ቆሞ እየሰማ?»

«እየሰማ።»

አቶ ንብረት ረጅም ጊዜ አዩዋት። ያምሮት ዕድሜዋን ሙሉ የአባቷን ቁጣ ስትፈራ ኖራለች፤ ይህ ግን ቁጣ አልነበረም፤ ልጃቸው አሳፍራቸው ነበር። ከቁጣው የባሰ ሆነባት።

«እኔ በመኪናይቱ ስናደድ ከረምኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ለካ የሚያናድደው ሌላ ኑሯል።» ወደ መምሬ ዞሩ። «ልጁ የት ነው?»

«አስፋልቱ ዳር። ወጉ አይዶለም፣ ቅር ብንለው አሻፈረኝ አለ።»

«ሂጂ ጥሪው» አሉ ያምሮትን። «የዋሻችሁት ሁለት ሁናችሁ ነው፤ አንዳችሁን ብቻ አልቆጣም። እናንተም ተቀመጡ።»

መምሬ ክንፈሚካኤል ተጠራጠሩ። «እንቀመጥ? ማለት... ጉዳያችን?»

«ተቀመጡ አልኩ እኮ!»

አዛውንቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ተቀመጡ።

ያምሮት ነጠላዋን ሳታስተካክል ወጣች። ወንዳወቅ አስፋልቱ ዳር ቆሟል፤ የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥፍሮቹ ሥር ያለው ግራሶ ግን አልለቀቀም። ሲያያት ቀጥ ብሎ ቆመና ወዲያው ዓይኑን ጫማዋ ላይ ጣለ።

«ጥፋትህን ሁሉ ነገሩ» አለችው። «የእኔን ለምን አላስነገርክም?»

«ያንቺን ካስነገርኩ ምን ልጠይቅ መጣሁ?»

እንባዋ መጣ። «አፍሬብህ ነበር ወንዳወቅ።»

«አውቃለሁ። አየሁሽ እኮ።»

«አሁን ደግሞ በራሴ አፍሬ አንተን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።»

«እኔም ዋሽቼ ልገድላችሁ ነበር» አለ። «ከመጣሽ ጀምሮ የማየው ጫማሽን ነው።»

ያምሮት እያለቀሰች ሳቀች። «አባባ እየጠበቁ ነው። ሊቆጡን ነው።»

«ሁለታችንንም?»

«አንድ ላይ።»

ወንዳወቅ እጁን በሱሪው ጠረገና ተከተላት። ያምሮት የግቢው በር ጋ ስትደርስ ቆማ ጠበቀችው። ከዚያ ሁለቱም አንገታቸውን እንደደፉ፣ ጎን ለጎን ገቡ።