በጸሎት መሐል የወጣ ገመና

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። ከላምበረት ጣቃ ጨርቅ ተሸክሜ፣ የየካን ዳገት ወጥቼ የልብስ ስፌት ቤታችን የቆርቆሮ አጥር ጋ ስደርስ የጠዋቱ ጸሎት ተጀምሮ ነበር። የአሠሪያችን የእትዬ ዘውድነሽ ድምፅ ከውስጥ ያስተጋባል።

«ጌታ ሆይ! እህታችንን ቢፍቱን ከሚጥል በሽታዋ ፈውሳት!»

«አሜን!» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ።

በሩን ገፍቼ ስገባ ዐይኗን ገልጣ የቆመችው ቢፍቱ ብቻ ነበረች።

ሕመሟን እስከዚያች ጠዋት ከእትዬ ዘውድነሽ በቀር ማንም አያውቅም። ሥራ ስትጀምር ለብቻቸው ወስዳ፣ «ድንገት ብወድቅ እንዳልቃጠል ካውያ ላይ አይመድቡኝ» ብላቸው ኖሯል። ግዴታዋ ነው፤ ተወጣችው። እሳቸውም የስፌት መኪና ላይ አስቀመጧት። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ደግ አደረጉ።

እኛ ቤት ሥራ የሚጀመረው በጸሎት ነው። መልካም ልማድ ነው። ክፋቱ ባለቤቱ ያልፈቀደው የሰው ገመና የጸሎት ርዕስ ሲሆን ነው።

ከጸሎቱ በኋላ አብራን የምትሰፋው ሳምራ የውሃ ኩባያዋን ለየች። ሌላው ሰፊ ቤኪም ወንበሩን ከቢፍቱ አራቀ።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ስትወድቅ ቢጋባብኝስ? አንተ እንጦጦን እያየህ ስትፈዝ ነው የምትውለው፤ ምን ይገባሃል!» ብሎ ሳቀብኝ።

ወሬው ሳይውል ሳያድር አጥር ዘለለ። አንዲት ደንበኛ ለሠርግ ያዘዘችውን ቀሚስ «ያቺ ልጅ እንዳትነካው» አለች። እትዬ ዘውድነሽም ቀሚሱን ከቢፍቱ እጅ ወስደው ለሳምራ ሰጡ። ያን ጊዜ ቢፍቱ ተነሣች።

«እትዬ፣ ስፌቴ ተበላሽቶ ነው?»

«ኧረ አይደለም የኔ ልጅ። ደንበኛዋ ሰምታ…»

«ከማን ሰማች?»

«ጸለይኩልሽ እንጂ አላማሁሽ! ደግሞ ጸሎት ጥፋት ሆነ?»

«ጌታ በልብዎ ቢነግሩትም ይሰማዎት ነበር፣ እትዬ። እኔ የነገርኩት ለእርስዎ ነው። አሁን እንጀራዬ ሊዘጋ ነው።»

መኪኖቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ጉሙ ድንገት ሲገፈፍ ተራራው ሙሉውን ፊት ለፊት ሲገተርብኝ የሚይዘኝ ዓይነት ፍርሃትና መደነቅ ያዘኝ። ያቺ ቀጭን ልጅ ይህን ሁሉ ግርማ የት አስቀምጣው ነበር?

 እትዬ ዘውድነሽ ቀሚሱን ከሳምራ ተቀብለው በሁለት እጃቸው ለቢፍቱ ዘረጉላት።

«በድዬሻለሁ። ይቅር በዪኝ። ደንበኛዋ ካልፈለገች ሌላ ቤት ታሰፋ።» ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተም ስሙ! ይህ በሽታ አይጋባም። ብትወድቅ ስለት አርቁላት፤ በጎኗ አስተኟት። ወሬውን ግን እዚሁ ቅበሩት።»

አሠሪ በሠራተኞቿ ፊት እንዲህ ዝቅ ብላ እንዲህ ከፍ ስትል አይቼ አላውቅም።

ወገኖቼ፣ የሠራተኛ ሕመም ለአሠሪ አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ በጸሎት ስምም አይበላም። ሠራተኛውም ለሥራው ደኅንነት የሚያስፈልገውን አይደብቅ፤ የባልንጀራውንም ገመና አይዝራ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቢፍቱ ቀሚሱን ጨርሳ አጠፈችው።

«እትዬ፣ ዛሬ ቀደም ብዬ ልውጣ?»

«ውጪ የኔ ልጅ።»

«ወዴት…» ብሎ ቤኪ ሊጀምር ሲል እትዬ ዘውድነሽ በዐይናቸው ዝም አሰኙት።

ቢፍቱ ሹራቧን ደረበች፤ ወዴት እንደምትሄድ ለማንም ሳትናገር ወጣች፤ የጠየቃትም የለም።