በእኔ ደረት ላይ የተቀዳው የጋሽ ዳንጊሶ ትንፋሽ

ሰው «እንዲህ ያለ ነገር ገጠመኝ» ሲለኝ ፊት ለፊቱ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ጂን በሉት መንፈስ በሉት ለእኔ ሁሉም የእንቅልፍ እጦት ወሬ ነበር። ዛሬም ቢሆን እንዲህ ነው ብዬ የማስረዳችሁ ነገር የለኝም፣ የሆነውን ብቻ ነው የማወራችሁ፣ እሱንም እያፈርኩ።

ተመርቄ ሥራ ፈትቼ ቁጭ ባልኩበት ሰዓት እዚሁ ሐዋሳ የሳንባ ድምፅ የሚያጠና አንድ ቡድን በረዳትነት ቀጠረኝ። የምርምር ድጋፍ አግኝተው ደረት ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ መሣሪያዎች አስመጥተው ነበር፣ የለስላሳ ቆርኪ የምታክል ነገር ናት፣ ሰውየው ሲተነፍስ፣ ሲያስል፣ ሲያወራ ሁሉንም ትቀዳለች። የእኔ ሥራ ታማሚዎቹ ቤት ሄጄ መለጠፍ፣ እስኪያልቅ አጠገባቸው መቀመጥ፣ ከዚያ የተቀዳውን ቢሮ ኮምፒውተር ላይ መጫን ነው። ቀላል ሥራ ነው፣ የሚፈልገው ታማኝ ሰው ብቻ ነው።

ከታማሚዎቼ አንዱ ጋሽ ዳንጊሶ ነበሩ፣ ታቦር ዳገቱ ላይ ከልጃቸው ከምሕረት ጋር የሚኖሩ ጡረተኛ አናጺ፣ ዕድሜ ልካቸውን የእንጨት ብናኝ ሲስቡ ኖረው ሳንባቸው የደከመ። እያንዳንዱን ሰው ሦስት ጊዜ መቅዳት ነበረብን፣ የእሳቸው ሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ያን ቀን ዝናቡ ለጉድ ነው የወረደው፣ ባለባጃጁ ዳገቱ ሥር ሲደርስ «በዚህ ጭቃ አልወጣም ወንድሜ» ብሎ አወረደኝ። በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሃያ ደቂቃ! እኔ ግን «ሁለቴ ቀድቻቸዋለሁ፣ ሦስተኛው ምን ይለወጣል» ብዬ አዲስ ከተማ ያለችው ኪራይ ቤቴ ተመለስኩ፣ መሣሪያዋን በገዛ ደረቴ ላይ ለጠፍኩ፣ በጋሽ ዳንጊሶ ስም መዘገብኩና ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። ስነቃ መሽቷል፣ ቀረጻው አልቋል። ትንሽ እንኳን አልከበደኝም፣ የሚያሳፍረኝ አንዱ ይሄ ነው።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ሰላማዊት፣ የቡድናችን መሪ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የሰሞኑን ቀረጻዎች ስትሰማ ድንገት ፊቷ ተለወጠ።

«የጋሽ ዳንጊሶን መቼ ነው የቀዳኸው?»

«ቅዳሜ ከሰዓት» አልኩ፣ የጤነኛ ሳንባ መሆኑን አወቀችብኝ ብዬ እየፈራሁ።

«ና ስማ እስኪ።»

ሰማሁ። መጀመሪያ የመጣው ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የእኔ ክፍል ግን ፎቅ ሥር ነው፣ ቆርቆሮ የሚባል የለውም። ቀጥሎ ትንፋሽ፣ ከሥሩ እርጥብ ነገር የሚንጣጣበት፣ ጨው እሳት ላይ ሲበተን የሚያሰማው ዓይነት። ከዚያ ሳል። ያችን ሳል አውቃታለሁ፣ ሁለቴ አጠገባቸው ተቀምጬ ሰምቻታለሁ። ከሳሉ በኋላ ደግሞ የጋሽ ዳንጊሶ ድምፅ ድክም ብሎ «ተቀመጥ ልጄ» አለ።

መሣሪያዋን አገላብጬ ቁጥሯን አየሁ፣ ራሷ ናት፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ከእኔ እጅ ወጥታ አታውቅም። የቀረጻውን ቀንና ሰዓት አየሁ፣ ልክ እኔ የተኛሁበት ሰዓት ነው።

«ሳንባቸው ተበክሏል፣ አሁኑኑ እንሂድ» አለች ዶክተር።

ስንደርስ ምሕረት «ጉንፋን መስሎን ነው» አለችን፣ ጋሽ ዳንጊሶ ግን በትኩሳት ይቃጠሉ ነበር፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ተሸክመን መኪና ውስጥ አስገባናቸው። ሆስፒታል የተቀበላቸው ሐኪም አንድ ቀን ቢዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር አለ። ዶክተር ሰላማዊት በማግስቱ ስብሰባ ላይ ቡድኑ ፊት አስቆመችኝና «በዚያ ዝናብ ዳገት ወጥቶ የሰው ሕይወት ያተረፈ ልጅ ይሄ ነው» አለች። አጨበጨቡልኝ። እኔም፣ አይ ሰው መሆን፣ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ።

እውነቱን ልነግራት የሄድኩባቸው ቀናት አሉ፣ በሯ ድረስ፣ ግን ምን እላለሁ? ዋሽቻለሁ ብል ቀረጻው እዚያ እንደነበርኩ ይመሰክርልኛል፣ አልዋሸሁም ብል ደግሞ እኔ አውቃለሁ። የራሴንም ሳንባ ተመርምሬያለሁ፣ ምንም የለበትም።

ጋሽ ዳንጊሶ ድነው ቤታቸው ሲገቡ ልጠይቃቸው ሄድኩ፣ ይቅርታ ልላቸው ነበር ሐሳቤ። በረንዳቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ምሕረት ስታየኝ እጄን በሁለት እጇ ይዛ «ጌታ ይባርክህ ወንድሜ፣ እኔ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ልምምድ ላይ ነበርኩ፣ አባቴ ብቻውን ነበር፣ አንተ ባትደርስለት» አለችና እንባዋ መጣ።

«ምሕረት፣ እኔ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይው አታስጨንቂው» አሏት ጋሽ ዳንጊሶ፣ «ያን ቀንም ብዙ አላወራም። በስብሶ መጣ፣ ብላ ብለው እንቢ አለ፣ እቺን ነገር ለጠፈልኝና እስኪመሽ እግሬ ሥር ተቀመጠ።»

«አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት እኔ መሆኔን?» አልኳቸው።

«ታዲያ ማን ይሆናል? ፊትህን አላውቀውም?» ብለው ሳቁ። ምሕረት ወንበር ልታመጣልኝ ወደ ውስጥ ስትገባ ግን ጠጋ አሉኝ፣ እሷ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አባት ልጁን በሚጠይቅበት አጠያየቅ፦

«ልጄ፣ አሞኝ ስለነበር አልጠየቅኩህም እንጂ፣ ያን ቀን እንደዚያ ታለቅስ የነበረው ምን ሆነህ ነው?»