ሃያ ዲግሪ

ኤሊስን የጠላሁት በብርድ ምክንያት ነው። ጎረቤት በወሰን ይጣላል፣ በዛፍ ይጣላል፣ በውሻ ይጣላል። እኛ የተጣላነው በሙቀት ነው።

መጀመሪያማ ወድጄው ነበር፤ ምን ያዋሸኛል። ሃሊፋክስ ከተማ ካለው ከዚህ አሮጌ የድንጋይ ቤት ፎቁን ገዝቼ የገባሁ ቀን፣ ምድር ቤቱን ከአያቱ የወረሰው የአውቶቡስ ሹፌር ከበሩ ብቅ አለ። ማንም ሳይለምነው ያንን ከባድ የስፌት መኪናዬን ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። ሲያስቀምጠው ብቻ፣ መጋረጃ ነው የምትሰፊው? አለኝ። አዎ አልኩት። የእሱም መጋረጃ እንደተቀደደ ነግሮኝ ወረደ። እኔም ስለ ትከሻው ሳስብ አመሸሁ።

ከዚያ ኅዳር ገባ።

ቤቱ ለሁለት ይከፈል እንጂ ውሃ አሙቆ ቤቱን በሙሉ የሚያሞቀው ቦይለር አንድ ነው፤ ከጋራ ደረጃችን ስር ተቀምጧል። ቦይለሩን የሚያዘው የሙቀት መቆጣጠሪያ ግን የተሰቀለው እሱ ሳሎን ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ራዲያተሮቼ፣ ሙቅ ውሃው የሚያልፍባቸው የግድግዳ ብረቶች፣ ይግላሉ። ኤሊስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከሥራ ይመለሳል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ብረቱ በረዶ ይሆናል። ጣቶቼ ደንዝዘው መርፌ መያዝ ያቅተኛል። እሱ ሲወጣ ይሞቃል፣ ሲገባ ይጠፋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

በረደኝ፣ መቆጣጠሪያውን እባክህ አትቀንሰው ብዬ ቦይለሩ በር ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ከስሩ በእርሳስ «ሮዊና፣ አልነካሁትም» ብሎ ጻፈበት። በማግስቱ ይባስ በረደ። ታዲያ ማን ነካው፣ የአያትህ መንፈስ? ብዬ ጻፍኩ። ብርዱ ጨመረ። በሦስተኛው ወረቀት፣ እንዳንተ ያለ ክፉ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ደርቄ ብሞት ደስ ይልሃል አልኩት። ያን ሳምንት በሙሉ ካፖርት ለብሼ ሰፋሁ።

እኔም ከማን አንሼ። ከሥራ መልስ ትንሽ እንደሚያሸልብ አውቃለሁ። የስፌት መኪናውን ጎትቼ ልክ ከአልጋው በላይ አስቀመጥኩትና ሥራዬን በዚያ ሰዓት አደረግሁት። በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን ሲደበድብ እሰማዋለሁ፤ እኔ ደግሞ ፔዳሉን አጥብቄ እረግጣለሁ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ በጎሪጥ ተያይተን እንተላለፋለን።

አንድ ቀን መንገድ ዘግቶ ቆመ። «ማሽንሽ ጭንቅላቴ ላይ ነው እኮ የሚሰፋው» አለኝ።

«ገና አፍህን እሰፋዋለሁ» አልኩት።

ሊስቅ ሲል ከንፈሩን ነከሰ። ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ታኅሣሥ ላይ ፎቁን ለሽያጭ አወጣሁት። መሄድ አልፈለግሁም ነበር፤ ደንበኞቼ እዚሁ ናቸው፣ በመስኮቴ የሚታየውን ኮረብታም ለምጄዋለሁ። ግን በደነዘዘ እጅ መጋረጃ አይሰፋም። «የሚሸጥ» የሚለው ሰሌዳ በር ላይ የተተከለ ቀን ኤሊስ ከሥራ ሲመለስ ሰሌዳው ፊት ቆሞ በመስኮት አየሁት። አንዲት ቃል ለማንበብ ያን ያህል ጊዜ መቆም አያስፈልግም።

ጥር ላይ ቦይለሩ ሞተ። ሚስተር ኦልድሮይድ የሚባሉ ሽማግሌ ባለሙያ መጡና ከፍተው አይተውት፣ ለሠላሳ ዓመት አገልግሏል፣ ነፍሱን ይማረው አሉ። ሁለታችንንም ደረጃው ስር አቁመው እንድንመርጥ ጠየቁን፤ ለአዲሱ ቦይለር አንድ መቆጣጠሪያ በጋራ፣ ወይስ ቧንቧው ለሁለት ተከፍሎ ለየራሳችን?

«ሁለት» አልኩ ወዲያው። «ከእንግዲህ የእሱን እጅ ማየት አልፈልግም። የራሱ መቆጣጠሪያ ያለው ፎቅ ቶሎ ይሸጣል ብለውኛል ደግሞ።»

ኤሊስ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እንዳለችው ይሁን ብሎ ፈረመ። ይከራከረኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበርና አለመከራከሩ ከነከነኝ።

ሚስተር ኦልድሮይድ ሊለኩ ወደ እሱ ሳሎን ገቡ። ትንሽ ቆይተው፣ የኔ ልጅ ነይ እስቲ ብለው ጠሩኝ። እዚያ ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። መጋረጃው እውነትም ተቀዷል። መቆጣጠሪያው ግድግዳው ውስጥ ከተሠራው የከሰል ምድጃ አጠገብ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተሰቅሏል። ሃያ ዲግሪ ላይ ነው። አቧራ ጠግቧል፤ የጣት ምልክት የሚባል የለበትም። ለዓመታት የነካው ሰው እንደሌለ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ምድጃውን መቼ እንደሚያነድደው ጠየቁት። ከሥራ ስመለስ አላቸው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። መቆጣጠሪያው የሚያውቀው ያለበትን ክፍል ብቻ እንደሆነ አስረዱን። ምድጃው ሲነድ ቤቱ በሙሉ የሞቀ ይመስለውና ቦይለሩን ያጠፋዋል። «እሳት ባነደድክ ቁጥር ይህችን ልጅ ስታቀዘቅዛት ከርመሃል» አሉት።

«እሱ ነው አላልኩም?» አልኩ። ድሌን ላጣጥም ዞር ስል ግን ፊቱን አየሁት። እስከ ጆሮው ቀልቷል።

«በረደኝ ብለሽ ጻፍሽ» አለ፣ እኔን ሳይሆን ምድጃውን እያየ። «ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል ብዬ ነው። በጻፍሽ ቁጥር ከሰል ጨመርኩ።»

ከምድጃው ጎን ሦስት ባልዲ ከሰል ተደርድሯል። በጥር ወር መስኮቱ ገርበብ ብሏል። እኔ ላይ ካፖርት ለብሼ ስረግመው፣ እሱ እታች በሸሚዝ እያላበው እኔን ሊያሞቅ ሲታገል ከርሟል። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነበር ማለት ነው። ክፉ ያልኩት ወረቀት ትዝ አለኝና መግቢያ አጣሁ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ሰደብሽኝ እንጂ።»

«መጻፍ ትችል ነበር።»

«ምን ብዬ? እሳት እያነደድኩልሽ ነው ብዬ?» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል?»

ሚስተር ኦልድሮይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕቃውን ዛሬውኑ ማዘዝ አለብኝ፤ ሁለት ነው አይደል? አሉኝ። ኤሊስ ምድጃውን ትቶ እኔን ማየት ጀምሯል፤ የስፌት መኪናዬን ያወጣልኝ ቀን እንዳየኝ። ፈራሁ። ቶሎ ካልተናገርኩ የማልናገረው መሰለኝ።

«አንድ» አልኩ።

«የት ይሰቀል?»

«እኔ ጋ፣ ፎቅ ላይ። እሱ እሳቱን እንደ ልቡ ያንድድ።»

«እኔ ሲበርደኝስ?» አለ ኤሊስ።

«ትወጣለህ። ደረጃውን ታውቀዋለህ።»

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሽያጩን ሰሌዳ በገዛ እጄ ነቅዬ ደረጃው ስር፣ ከአዲሱ ቦይለር ጎን አቆምኩት። ከሥራ ሲገባ ሳያየው እንደማያልፍ አውቃለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ራዲያተሮቼ እንደጋሉ ነበር። በሩ ተንኳኳ።

ኤሊስ የተቀደደውን መጋረጃ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቧል፣ ግንባሩን አልቦታል።

«በረደኝ» አለ።

ዞር ብዬ መቆጣጠሪያውን አየሁት። ሃያ ዲግሪ ይላል።

«ግባና በሩን ዝጋው» አልኩት። «ሙቀቱ እንዳይወጣ።»