ከመስታወቱ ወዲያ አይሰማም

አስከሬኑ የተገኘው ድምፅ በማያስገባ፣ ድምፅም በማያስወጣ ክፍል ውስጥ ነው። ዕድሜ ልኩን ስለ ድምፅ ሲያስተምር የኖረ ሰው ሲሞት አንድም ሰው አልሰማውም። አይ የሰው ነገር!

ሟቹ በዩኒቨርሲቲው የሥነ ልሳን ትምህርት ክፍል ፕሮፌሰር ነበር። የሞተበት፣ በትምህርት ክፍሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለው የድምፅ መቅጃ ክፍል ግድግዳው በስፖንጅ የተለበደ፣ ከአንድ ወንበርና ከአንድ ማይክሮፎን በላይ የማይዝ ጠባብ ክፍል ነው፤ መሣሪያዎቹ ካሉበት የውጭ ጠረጴዛ የሚለየው ወፍራም መስታወት ነው። የበሩ የውስጥ መያዣ ተነቅሎ ስለወደቀ፣ አንዴ ከተዘጋ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነበር። ፕሮፌሰሩ አስም ነበረበት። አስሙ ሲነሳበት የሚስበው ፓፍ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ቀርቷል፤ ጃኬቱ ደግሞ ውጭ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። ጃኬት ሲንኮሻኮሽ ማይክሮፎኑ ስለሚቀዳው ሁልጊዜ አውልቆ ነበር የሚገባው።

ይህን ሁሉ ለልጁ የነገሯት ፖሊሶች ናቸው። ልጅቱ በዚያው ትምህርት ክፍል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሲነግሯት «እሺ» አለች። ውሃ ሲሰጧት ጠጣች፤ ተቀመጪ ሲሏት ተቀመጠች። እንባ የለ፣ ጩኸት የለ። ጥርስ ሐኪም ከእግሯ እስከ ራሷ ማደንዘዣ የወጋት ነው የምትመስለው። አክስቷ «ኧረ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ!» ብትላትም እሷ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ብቻ ሆነ ሥራዋ።

ከድንዛዜው ሥር ግን አንድ ነገር ተቀብሮ ነበር። አባቷ ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት «ዓረፍተ ነገር እየበታተንኩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ መሳል ሰልችቶኛል፤ ይሄን ትምህርት ልተወው ነው» ብላው ነበር። እሱም «እንዳሻሽ» አላትና ዘጋት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በቁልምጫ የሚጠራት ሰው በደረቁ «አንቺ» ይላት ጀመር። እሱ ሲታፈን እሷ ሁለት ክፍል አልፎ ትምህርት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቦርሳዋ ውስጥም ለክፉ ቀን የምትይዝለት ትርፍ ፓፍ ነበረ። «ተቀይሞኝ ነው የሞተው» ትላለች ለራሷ፣ ስለሌላ ሰው የምታወራ ይመስል።

ፖሊስ የቤተ ሙከራውን ቴክኒሽያን አሰረ። ሰውየው «ጋሽ ሽቦ» ነው የሚባለው፤ ሰው ሲቀዳ ውጭ ተቀምጦ መጠበቅ የእሱ ሥራ ነበር። ከዚያ ጉዳዩ ለአንዲት ኢንስፔክተር ተሰጠ። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ጫማዋን ጠረጴዛ ሥር አውልቃ የምትሠራ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ጆሮ ጠቢዋ» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም አትከፋም።

«የኔ ልጅ፣ የእነዚህን ሰዎች ቋንቋ እኔ አላውቅም» አለቻት ለልጅቱ። «አጠገቤ ቁጭ በይልኝ። መናገር የለብሽም።»

መጀመሪያ የመጣው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ልብሱ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ። ገና ሳይቀመጥ ወደ ልጅቱ ዞረ።

«እግዜር ያጽናሽ። ያን ቀን ጠዋት ደረጃው ላይ አግኝቻቸው ነበር፤ ይሄን ብነግርሽ ትጽናኛለሽ ብዬ ነው። ‹ዛሬ ከሰፊዬ ጋር ምሳ እበላለሁ› አሉኝ። ፊታቸው ሁሉ በርቶ ነበር።»

ልጅቱ ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ኢንስፔክተሯ አየቻት።

«ይቅርታ፣ ምን አሉኝ አሉ?»

«‹ከሰፊዬ ጋር› አሉኝ። የልጃቸው የቤት ስም መሰለኝ፤ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ቢሮዬ ገባሁ። ቤተ ሙከራውን እንኳን ያን ቀን፣ ከተሾምኩ ጀምሮ ረግጬው አላውቅም። ወረቀት ሆኗል ሥራዬ።»

«ቴክኒሽያኑን ግን ወደ ሌላ ሕንፃ የላኩት እርስዎ ነዎት።»

«ፕሮጀክተር ተበላሸ ተባልኩ፣ ላክሁ። ፕሮፌሰሩ ሲቀዱ ነበር ብዬ ከየት ልወቅ?»

«እውነት ነው። እስቲ ያን የቤት ስም አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ፤ ጆሮዬ ደከም ብሏል።»

«ሰፊዬ» አለ ኃላፊው፣ ለማትሰማ አሮጊት እንደሚናገር ረገጥ አድርጎ።

ሲወጣ ኢንስፔክተሯ ወደ ልጅቱ ዞረች። «ምን ሆነሽ ነው ቀና ያልሽው?»

«እንጃ። ደስ ብሎኝ መሰለኝ። በስሜ ጠርቶኝ ነበር ማለት ነው።» ጆሮዋን ነካ አደረገችና «ግን ጆሮዬን ቆረቆረኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም» አለች።

ቀጥሎ ጋሽ ሽቦን ከእስር ቤት አመጡት። ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ፣ እኔ ጥፋተኛ ነኝ» አለ። «መቅጃውን አቁሜ፣ ለደቂቃ ነው ብዬ ሄድኩ። ፕሮጀክተሩ ደህና ነው! ምንም አልሆነም! ሰው የለም፣ መምህር የለም። ስመለስ እሳቸው መሬት ላይ።»

«ልጃቸውን ምን ብለው ነበር የሚጠሯት?»

ጥያቄው አስገረመው። «ሰፊዬ ነዋ! ማይክሮፎን ሲሞክሩ እንኳ ‹አንድ፣ ሁለት› አይሉም። ‹ሰፊዬ፣ ሰፊዬ፣ ይሰማል?› ነው የሚሉት።»

ሦስተኛዋ የዶክትሬት ተማሪዋ ናት። በየዓመቱ «ዘንድሮ እመረቃለሁ» ስለምትል ስሟ «ዘንድሮ» ሆኖ ቀርቷል። ፕሮፌሰሩ የጥናት ጽሑፏን ሦስት ጊዜ መልሶባታል፤ ስለዚህ የክፍሉ ሰዎች በጎን በጎን ያይዋት ጀምረው ነበር።

«ጠልቻቸው ነበር፣ አልዋሽም» አለች። «የመለሱብኝ ግን ትክክል ስላልነበርኩ ነው። እሳቸው ጆሮ ነበራቸው! የኃላፊውን ቅጂ ያሰሙኝ ዕለት…» አፏን ያዘች።

«ጨርሺው እንጂ፣ እዚህ ደርሰሽ።»

«ኃላፊው ሊጠፋ የደረሰ ቋንቋ አጥንቻለሁ፣ የስድስት ሽማግሌዎች ድምፅ ቀድቻለሁ ብሎ ነው ማዕረጉን ያገኘው። ፕሮፌሰሩ ቅጂውን አዳምጠው ሳቁ። ‹ስድስቱም አንድ ሰው ነው፤ ያውም ራሱ ነው፤ አራተኛው ላይ ጉንፋን ይዞታል› አሉኝ። በስብሰባ ላይ ሊያሰሙት ነበር።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«ሳይነግሩትማ አያዋርዱትም። እሳቸው እንደዚያ ናቸው። እኔን ራሴን ‹እንደ ሰፊዬ ነው የማይሽ፣ ስለዚህ አላሞኝሽም› ይሉኝ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ አመሰገነቻትና በባዶ እግሯ ወደ መቅጃው ክፍል ገባች። በሩን ከውጭ አስዘጋችው። ልጅቱ በመስታወቱ አየቻት፤ አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ድምፅ ግን የለም። እየጮኸች ነበር። ከዚያ ወደ መስታወቱ ተጠግታ ትንፋሿን እፍ አለችበትና ለብዙ ጊዜ ቆመች። ስትወጣ ፊቷ ተለውጧል። «ይህን ክፍል ማንም እንዳይነካው፤ ጽዳትም እንዳይገባ» ብቻ ብላ ሄደች።

በማግስቱ ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ ቆሟል። ኢንስፔክተሯ ጠመኔ አነሳችና ሰሌዳው ላይ «ሰፊዬ» ብላ ጻፈች።

«አንተ ልጅ» አለችው ፖሊሱን፣ «አንብበው።»

ፖሊሱ አነበበው፤ «ፊ»ን አጥብቆ፣ ሰፊ ሜዳ፣ ሰፊ ቤት እንደሚባለው።

«ጋሽ ሽቦ፣ አንተስ?»

ጋሽ ሽቦ አነበበ። «ፊ»ን አላልቶ።

«ዘንድሮ?»

እሷም አላላችው። ልጅቱ በዚያች ቅጽበት ጆሮዋን የቆረቆራት ምን እንደነበረ ገባት። አባቷ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ፊት የሚደግመው ትምህርት ነው፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አንድ አድርጎ ይጽፋል፣ የሚለየው ጆሮ ነው።

«ልብስ ሰፊ ማለት ነው» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ሕፃን ሆኜ ላግዘው ብዬ የጃኬቱን ኪስ ከነደሞዙ ሰፋሁበት። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዬ፣ ሰፊዬ ይለኛል። በጽሑፍ አይጽፈውም። ስልኩ ላይ እንኳ ‹ልጄ› ነው የሚለው።»

«ስልካቸውን አይቻለሁ፤ ልክ ነሽ» አለች ኢንስፔክተሯ። «እንግዲህ ስሙኝ። ይህን ስም ከፕሮፌሰሩ አፍ የሰማ ሰው ሁሉ ያላላዋል። ኃላፊው ዶክተር ግን ከአፋቸው ሰማሁ ብለው፣ ደጋግሜ ብጠይቃቸው፣ ደጋግመው አጠበቁት። የድምፅ አዋቂ ናቸው፤ የሰሙትን አይስቱም። ስለዚህ አልሰሙትም። አንብበውታል። ታዲያ የት?»

ወደ ክፍሉ ገብታ መስታወቱ ላይ ተነፈሰች። ያየው ሁሉ ደነገጠ። በጭጋጉ ውስጥ የጣት ጽሑፍ ወጣ፤ ከውጭ ለሚያየው ተገልብጦ፣ ግን በደንብ የሚነበብ፦ «ሰፊዬን ጥሩ»።

«ሲቀዳ ማራገቢያው ድምፅ እንዳያሰማ ይጠፋል፤ ክፍሉ ይታፈናል፣ መስታወቱም በትንፋሽ ይደመናል» አለች ስትወጣ። «ጭጋጉ ሲደርቅ ጽሑፉ ጠፋ፤ የጣት ወዙ ግን ቀረ። በዚህ መስታወት ፊት ቆመው ነበር፣ ዶክተር። ጋሽ ሽቦን በውሸት ልከው፣ ቅጂውን እንዳያሰሙ ሊለምኗቸው መጡ። ልክ ያኔ አስሙ ተነሳባቸው። ጃኬቱ በእጅዎ ሥር ነበር፣ በሩም በእጅዎ ሥር ነበር። እሳቸው እየጻፉ፣ እርስዎ እያነበቡ ቆሙ።»

ኃላፊው ላብ አጠመቀው። «ምንም አላደረግኩም! አልነካኋቸውም!»

«አዎ፣ ምንም አላደረጉም። የምከስዎትም በዚሁ ነው። ደረጃው ላይ አገኘኋቸው ባይሉ ኖሮ እኔም ባዶ እጄን ነበርኩ። ይህችን ልጅ ያጽናኑ መስሎዎት ያነበቡት ቃል አመለጠዎት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?»

ኃላፊው ወንበር ፈልጎ አጣ፤ ግድግዳውን ተደገፈ። «ትንሽ ያስደነግጣቸዋል ብዬ ነው እንጂ… ከዚያ በኋላ መሸሽ ብቻ ነው የታየኝ» አለ። ጋሽ ሽቦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ዘንድሮ አቀፈችው።

ልጅቱ ከመስታወቱ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። የምሳው ወሬ ውሸት ነበር፤ ደረጃው ላይ ማንም ስሟን አልጠራም። የጠራት ትንፋሽ ባጠረው ሰዓት፣ ሁለት ክፍል አልፎ እንዳለች እያወቀ፣ እንድትመጣለት ፈልጎ ነው። አልተቀየማትም። ጽሑፉ ከጠርዙ እየደበዘዘ ሄደ።

ፖሊሱ ኃላፊውን በካቴና አስሮ ሲያስወጣው፣ ሰውየው በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ልጅቱ ዞሮ ቆመ።

«ሰፊዬ፣ ይቅር በይኝ…»

«አታጥብቀው» አለችው፣ አንቱታውን ጥላ። «ይላላል።»

ፖሊሱ ኃላፊውን ይዞት ወጣ። እሷ ግን አላቆመችም፤ አባቷ እንደሚጠራው አድርጋ ስሟን ራሷ ተናገረችው፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግማ፤ ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ተሰበረና ለቅሶዋ መጣ። ኢንስፔክተሯ ሁሉንም አስወጥታ በሩን ከፍታ ተወችላት።