የኤሊኬም ደካማ ጎን

ኤሊኬም ለቢዝነስ ትምህርት ቤት ማመልከት ከጀመረ ወዲህ ከአፉ የማይጠፋ አንድ ስም ነበር። አዶሌ።

«አዶሌ እንደምትለው ጽሑፉን በሥራ ማዕረጌ መጀመር የለብኝም» አለኝ፣ ኬንኬውን፣ ከበቆሎ ሊጥ የተቀቀለውን፣ ቆርሶ ከተጠበሰው ዓሣ ጋር እየጎረሰ። «‹ማዕረግህንና ውጤትህን ፎርሙ ላይ ያዩታል፤ አንተ አንድ ቀን የሆነውን አውራላቸው› አለችኝ።»

«ጎበዝ ናት» አልኩት ጥርሴን ነክሼ።

እኔ ሴፋኮር፣ ቴማ ወደብ አጠገብ ባለው የአቶ ኳርቴ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ጸሐፊ ነኝ። ኤሊኬም የጭነት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳ የበላነው አብረን፣ በእኔ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአንድ ሳህን ነው። ሠራተኛው ሁሉ ያየናል፣ ይጠቃቀሳል፤ እሱ ግን አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም። እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

አዶሌ ኤሊኬም ከሚያመለክትበት የኬፕታውን ትምህርት ቤት ተመርቃ አክራ ውስጥ ባንክ የምትሠራ ሴት ናት። ለአመልካቾች ምክር ትሰጣለች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቢሯችን መጣች። ቁመናዋ ያምራል፤ ባታምር ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። የኤሊኬምን ወረቀት ተቀብላ ቆማ አነበበች።

«‹የመሪነት ብቃት› የምትለዋን ስንት ጊዜ ነው የጻፍካት?» አለችው። «ይኼን ሁሉም ይጽፈዋል። ዓሣው የተበላሸብህ ጊዜ ምን አደረግክ? እሱን ጻፍ!»

ኤሊኬም ሳቀ። እሷም ሳቀችና እጇን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከሳህናችን ዓሣ አነሳች። ያነሳችው ደግሞ በእኔ በኩል ያለውን ነው።

«የአለቃህ ምስክርነት ላይ ተጠንቀቅ» አለችው እያኘከች። «ስለ ደካማ ጎንህ ሲጠየቅ ‹ሥራ ያበዛል› እንዳይል። አንባቢዎቹን ያ መልስ አንገሽግሿቸዋል። የሚያውቅህ ሰው የሚጽፈውን ይጻፍ።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የኤሊኬምን የስልክ ድምፅ፣ የሸሚዙን ቀለም፣ የሳቁን ርዝመት ሳይቀር መጠርጠር ጀመርኩ።

የምስክርነቱ ፎርም በአቶ ኳርቴ ኢሜይል መጣ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ጠሩኝ።

«ሴፋኮር ልጄ፣ አንቺ ጻፊልኝ። የኔ እጅ ከመፈረም ሌላ አያውቅም።»

እዚህ አገር አለቃ ምስክርነት ይሰጣል እንጂ አይጽፍም። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች በፍቅር ነው የሞላሁት። ስለ ኤሊኬም ታማኝነት፣ ሠራተኛውን በስሙ እየጠራ ስለማሠራቱ ስጽፍ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። የመጨረሻው ጥያቄ ደካማ ጎኑን የሚመለከት ነበር። ምን ልጻፍ ብዬ በመስኮት ስመለከት የአዶሌ መኪና በር ላይ ቆማለች። ኤሊኬም እየሳቀ ከፊት ወንበር ገባ፤ ሄዱ።

ጣቶቼ ያለእኔ የጻፉ መሰለኝ፦

«ኤሊኬም ሰው አይጠይቅም። ባለፈው ዓመት የማቀዝቀዣው ሞተር ሲቆም ለማንም ሳይናገር ብቻውን ሲታገል ዋለ፤ መካኒኩ ጎረቤት ግቢ ነበር። ግማሹ ጭነት ተበላሸ። ከሰው ጋርም እንዲሁ ነው። ሁለት ዓመት ከአንድ ሳህን አብሮት ምሳ የሚበላ ሰው ልቡ ውስጥ ምን እንዳለ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ አያውቅም።»

አቶ ኳርቴ መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ «ግሩም ነው፣ ላኪው» አሉኝ። ላክሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ትሮትሮ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቤት ስሄድ ንዴቴ በረደ። ኤሊኬም ለዚህ ማመልከቻ አራት ዓመት ተዘጋጅቷል። ቢወድቅ የጣልኩት እኔ ነኝ። ከዚህ የባሰውን ልናገር? ‹ቢወድቅ እኮ አይሄድም› የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ደስም አለኝ። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

ሰኞ ባንኩ ድረስ ሄጄ ለአዶሌ ነገርኳት። ሌላ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

«ከተላከ አይመለስም» አለችኝ። ትንሽ አየችኝና «ቀንተሽ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ደግ አደረግሽ አልልሽም። ግን የጻፍሽው ውሸት አይደለም። እኔ ወድጄው ነበር፤ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። ‹በልቤ ሰው አለች› አለኝ። ‹ታውቃለች ወይ?› ስለው መሬት መሬት አየ።» ብዕሯን አስቀመጠች። «አንቺስ ብትሆኚ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

ወጥቼ ስሄድ በድፍረቷ ቀናሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ከአቶ ኳርቴ ክፍል በቪዲዮ ነበር የሚያነጋግሩት፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ጥፍሬን በላሁ። ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ርሷል። መጥቶ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

«አንዷ ጠያቂ ‹አለቃህ ከአንድ ሳህን ሁለት ዓመት አብሮህ ስለሚበላ ሰው ጽፈዋል፤ እውነት ነው?› አለችኝ» አለ። «አቶ ኳርቴ ምሳቸውን የሚበሉት ቤታቸው ነው፣ ሴፋኮር።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። መኪናዋ ውስጥ ስትገባ አይቼህ ነው። እንድትወድቅ ፈልጌ ነበር፤ ትንሽ።»

«ትንሽ?»

«በጣም።»

ፊቱ ጠቆረ። «ዕድሌን እኮ ነው የተጫወትሽበት!»

«አውቃለሁ። ምን ብለህ መለስክላቸው?»

«እውነት ነው አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?» ብሎኝ ሄደ።

ስምንት ቀን ምሳ አብሮኝ አልበላም። በዘጠነኛው ቀን ከመጋዘኑ ጩኸትና ጭብጨባ ተሰማ፤ ኤሊኬም ተቀባይነት አግኝቷል። ለሁሉም ነገረ፤ ለእኔ ግን አልነገረኝም። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። እሱ ቀርቶብኝም አለቀስኩ።

በተከታዩ ቅዳሜ ግን አሻይማን ያለው የወላጆቼ ቤት በር ተንኳኳ። የኤሊኬም ሁለት አጎቶችና አክስቱ የሽምግልና መጠጥ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ገቡ፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ተከተለ። በወጉ መሠረት የሚናገሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጠያቂው ልጅ ጥግ ይዞ ዝም ይላል፤ መጠጡን መቀበል ደግሞ ለጋብቻው እሺ ማለት ነው። ትልቁ አጎቱ ግቢያችን ውስጥ ስላዩት አበባ፣ እኔን ማለታቸው ነው፣ ብዙ አወሩ። አባቴ ወደ እኔ ዞረው «ሴፋኮር፣ መጠጡን እንቀበል ወይ?» ብለው ሊጠይቁኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ኤሊኬም ብድግ አለ።

አጎቱ ሸሚዙን ጎተቱት። «ቁጭ በል አንተ! እኛ ታዲያ ምን ልንሠራ መጣን?»

«ይቅርታ አጎቴ። ይኼን እኔ ራሴ ልጠይቃት።» መሀል ቤት መጥቶ ቆመ። «ሴፋኮር፣ ንዴቴ አሁንም አልወጣልኝም። ግን እወድሻለሁ። ጥር ላይ እሄዳለሁ፣ አንድ ዓመት ነው። ታገቢኛለሽ? አሁን ልብሽ ውስጥ ያለውን ንገሪኝ።»

ልቤ ውስጥ ያለውን አወጣሁት።

«እዚያ የምትማርበት ክፍል ውስጥ ስንት ሴቶች አሉ?»

«ሃያ ሰባት» አለ ወዲያው።

«ቆጥረሃቸዋላ!»

እናቴ በሐፍረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኤሊኬም ግን ዓይኑን ከእኔ አላነሳም።

«እንደምትጠይቂኝ ስለማውቅ ነው ከስም ዝርዝሩ ላይ የቆጠርኳቸው» አለኝ።

ወደ አባቴ ዞርኩ። «አባባ፣ መጠጡን ተቀበሏቸው» አልኩ።