ሣር ያለበት በረዶ

የመሓሪ ሬሳ ከስሜን ተራራ ወርዶ አዲስ አበባ ሲገባ ከንፈሩና ጥፍሩ ቀልተው ነበር። ሐኪሙ አንሶላውን ገለጠና «የገደለው ብርድ አይደለም» አለ። «ደሙ የከሰል ጭስ ጠጥቷል።»

ኢንስፔክተር ሰዓዳ ሙሄ ፊቱን ዝም ብላ አየች። ወሎ ተወልዳ አፍንጮ በር ያደገች፣ በወንጀል ምርመራ ሃያ ሦስት ዓመት ያገለገለች ሴት ናት። ዝምታዋ ብዙ ሰው አስለፍልፏል።

የሆነው ይህ ነው። በነሐሴ ወር አራት የፒያሳ ጓደኛሞች ወደ ስሜን ወጡ። እዚያ ከፍታ ላይ ክረምት በረዶ ይጥላል። መሓሪ ደግሞ በበረዶ ጎጆ ውስጥ ማደር የዘመናት ምኞቱ ነበር። አራቱም በረዶ ሲቆልሉና ሲጠቀጥቁ ዋሉ፤ ሆዱን ፈልፍለው ጣሪያው ላይ ክንድ የሚያስገባ የአየር ቀዳዳ በሱ። መሓሪ ትንሽ የከሰል ምድጃ ይዞ ገባና መግቢያውን በበረዶ ዘጋ። ሌሎቹ በየድንኳናቸው ተኙ። ሲነጋ ቀዳዳው ተደፍኖ፣ መሓሪም ሞቶ ተገኘ። የአካባቢው ፖሊስ «ሌሊት የጣለው በረዶ ደፍኖበት ነው» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። አብራቸው የነበረችው እጮኛው ብሩክታይት ግን አቤት ብላ አስከፈተችው።

ሰዓዳ መጀመሪያ ያነጋገረችው እሷን ነው፤ አራት ኪሎ በምትሠራበት ቢሮ።

«ምን አስጠረጠረሽ?»

«ዱላዬ። ወንዶቹ ድንኳናቸውን ከዘጉ በኋላ ልቤ አላርፍ አለኝ። የመራመጃ ዱላዬን ቀዳዳው ውስጥ ሰካሁትና መሓሪን ‹ከውስጥ እየነቀነቅክ ክፍት አድርገው› አልኩት። እሺ አለኝ። ጠዋት ዱላዬን ያገኘሁት ድንኳኔ ደጃፍ ተጋድሞ ነው።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። እኔው የሰካሁ መስሎኝ ያልሰካሁ... ራሴን ተጠራጠርኩ።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከአራቱ አንዱ ዑዘይር፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ቦርሳና ድንኳን ይሸጣል። ሰዓዳ ገና ሳትቀመጥ «ምድጃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እሰሩኝ» አላት።

«ተው እንጂ። ስሜን ምን ወሰደህ?»

«አምና ታናሽ ወንድሜ አብዱልሙሀይሚን እዚያ ሞቶ፣ እዚያው ተቀበረ። መቃብሩን ለማየት ብዬ ነው።»

«ከማን ጋር ነበር የሄደው?»

«ከሚልክያስ ጋር፣ ሁለቱ ብቻ። ገደል ገብቶ ወዲያው ሞተ አለን።»

ያን ጠዋት ጣሪያውን ሲያፈርሱ ያነሳውን ፎቶ አሳያት። ከቀዳዳው የወደቀው የበረዶ ውታፍ እንደ ቡሽ ሙሉውን ነበር፤ አጎላችና ደጋግማ አየችው።

«ማታ ቀዳዳው ውስጥ ምን ነበረበት?»

«ምን ይኖርበታል እትዬ? ቀዳዳ ነው።»

ሦስተኛው ሚልክያስ፣ የባዮሎጂ መምህር ነው። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ ማኪያቶውን እያማሰለ ጠበቃት።

«ተፈጥሮ ናት፣ ኢንስፔክተር። ያ በረዶ እንኳን ባዶ ቀዳዳ፣ ዱላ የተሰካበትንም ይደፍናል።»

«ሌሊት ወጥተህ ነበር?»

«ከሁሉም ቀድሜ ነው የተኛሁት። እስኪነጋ ከድንኳኔ ንቅንቅ አላልኩም።»

ሰዓዳ ማስታወሻዋን ከደነች። ከሰዓት በኋላ ስሜን ደውላ፣ ዕቃቸውን በበቅሎ ከጫነላቸው ከአቶ ገብረትንሣኤ ጋር ለረጅም ጊዜ አወራች።

በማግስቱ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሦስቱንም ዑዘይር ሱቅ ሰበሰበቻቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይህን እዩ» አለች ፎቶውን እያሳየች። «ሌሊት የጣለው በረዶ ነጭ ነው። ውታፉ ግን ጭቃና ሣር አለበት። ከሰማይ የሚወርድ በረዶ ሣር ይዞ አይወርድም። ይህ ከመሬት የተዛቀ፣ በእጅ ተጠቅጥቆ የተወተፈ ነው።»

ፎቶውን በየተራ አሳየቻቸው።

«የወተፈው ሰው መጀመሪያ የብሩክታይትን ዱላ መንቀል ነበረበት። ስለ ዱላው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ለማንም አልነገረችም። ገዳይ ብትሆን ፋይሉን ባላስከፈተች። ዑዘይርን ጠየቅኩት፤ አያውቅም። ቀድሞ የተኛው፣ እስኪነጋ ያልወጣው ሰው ግን ሳልጠይቀው ነገረኝ።»

ሚልክያስ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ምሳሌ ነው የተናገርኩት። መሓሪን የምገድለው ምን አድርጎኝ?»

«አንድ ሌሊት ሰጥቶሃል። አምና አብዱልሙሀይሚንን ያገኙት አቶ ገብረትንሣኤ ናቸው። እግሩ በእንጨት ተደግፎ፣ በቀበቶ ታስሮ ነበር። ገደል ገብቶ ወዲያው የሞተን ሰው እግር ማን ያስራል? ማንም ስላልጠየቃቸው ዝም አሉ። ዘንድሮ መሓሪ ጠየቃቸው፤ ነገሩት። እሱም ‹ራሱ ሚልክያስ ለዑዘይር ይንገረው፤ እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ እሰጠዋለሁ› አላቸው።»

የሚልክያስ ትከሻ ወረደ። «እርዳታ ላመጣ ነበር የወረድኩት» አለ። «እግሩን አሰርኩለት። ጭጋጉ መጣ። መንደር ስደርስ መመለስ ፈራሁ... ሞቷል አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ እንዴት ብዬ ሕይወት አለው ልበል?»

ብሩክታይት ተነሳች። ልትመታው መስሎ ፖሊሱ ጠጋ አለ፤ እሷ ግን ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

ዑዘይር ሚልክያስን አላየውም። ወደ ሰዓዳ ዞረ።

«ወንድሜ ምን ያህል ቆየ?»

ሰዓዳ በእንዲህ ያለ ሰዓት ሐዘንተኛን መዋሸት ጽድቅ ነው የሚሉ ባልደረቦች ነበሯት። እሷ አልቻለችበትም።

«አቶ ገብረትንሣኤ ያገኙት በሦስተኛው ቀን ነው» አለች። «ገላው ገና ለብ ያለ ነበር።»

ፖሊሱ ሚልክያስን ይዞ ወጣ። ዑዘይር «ኢና ሊላሂ» ብሎ ቦርሳዎቹ መሃል መሬት ላይ ቁጭ አለ። ብሩክታይትም መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።