የማርጆሪ መንጋጋ ራጅ

ማርጆሪ ቶለፍሰን የሞተችው የጥርስ ሐኪሟ ወንበር ላይ ነው። ታችኛው መንጋጋዋ ላይ ለሰው ሠራሽ ጥርስ የተተከለው የቲታኒየም ብሎን የአጥንቱን የውስጥ ግድግዳ በስቶ ከምላሷ ሥር ያለውን የደም ሥር ቆረጠ፤ እብጠቱ ትንፋሿን ዘጋው። የዱሉት ከተማ ወሬኛ ከፖሊስ ቀድሞ ፈርዶ ነበር፦ ገዳይዋ ዶክተር ኢንግሪድ ሃውግላንድ ናት። ሳይመረምሩ መፍረድን የመሰለ ርካሽ ጀግንነት የለም።

መርማሪ ኦዴት ካርያላ መጀመሪያ ያነጋገረችው ኢንግሪድን ነው።

«ብሎኑን ዲጂታል ራጁ ላይ ቀጥ አድርጌ፣ አጥንቱ መሀል ነው ያቀድኩት» አለች ኢንግሪድ። «አሁን ስከፍተው ረዝሟል፣ ወደ ምላስም አዘንብሏል። እኔ አይደለሁም! ሊያስሩኝ ነው እኮ!»

«መሰርሰሪያውን የሚመራው፣ ጥርሷ ላይ የሚገጠመው የፕላስቲክ ቅርጽስ?»

«ረዳታችን ሬናታ ከኮምፒውተሩ እቅድ በማሽን ታትመዋለች።»

ሬናታ ኦኬፍ ተቆጥታ ጠበቀቻት። «ኮምፒውተሩ የሰጠኝን ነው ያተምኩት። የይለፍ ቃሉ ስክሪኑ ላይ ተለጥፏል፤ ማንም ይከፍተዋል።»

የክሊኒኩ መሥራች ዶክተር ላይል ፕሩይት ግድግዳው ላይ የድሮ ራጆች ደርድሯል። ማርጆሪ ወደ ኢንግሪድ እስክትዞር ድረስ ሠላሳ ዓመት የእሱ ታካሚ ነበረች።

«እነዚህ የተገለበጡ መሰሉኝ» አለች ኦዴት።

«እኛ ራጅ ማየት የተማርነው ከምላስ በኩል ሆነን ነው። የዛሬ ልጆች ፊት ለፊት ቆመው ያያሉ፤ ያንን የኮምፒውተር ጨዋታቸውን ከፍቼም አላውቅ።»

«የዚያን ቀን የት ነበሩ?»

«ሐይቅ ላይ፣ ዓሣ ሳጠምድ። ሬሳዋን እንኳ አላየሁም። ምስኪን! ግራ መንጋጋዋን እንደዚያ ስትበሳት ያቺ ልጅ እጇ አልከበዳትም?»

ኦዴት ሦስቱንም ስክሪኑ ፊት ሰበሰበች።

«ማርጆሪ የተበሳችው ቀኝ መንጋጋዋን ነው። አፏን ያየ ሁሉ ቀኝ ይላል። ራጁ ግን ፊት ለፊት እንደምናያት ስለሚያሳይ፣ ቀኟ ስክሪኑ ላይ በግራችን ነው። ይህን አይቶ ‹ግራዋ› የሚል፣ ከምላስ በኩል፣ የታካሚውን ግራ በራሱ ግራ አድርጎ ማየት የለመደ ሰው ብቻ ነው። ዶክተር ፕሩይት፣ ሬሳዋን እንኳ አላየሁም አሉ። ታዲያ ከፍቼ አላውቅም ካሉት ኮምፒውተር በቀር ግራውን የት አዩት?»

ላይል ሳቀ። «ግራና ቀኝ ተምታታብኝ። በዚህ ነው የምታስሪኝ?»

«አይ፣ ልክ ነዎት። አርጅተዋል። ማርጆሪም የተወችዎ ለዚሁ ነው።»

የላይል ፊት ደም መሰለ።

«አላረጀሁም! ሠላሳ ዓመት ጥርሷን ጠበቅሁ! ከዚያ በበሬ እያለፈች፣ እየሳቀች ‹እንዴት ነህ ላይል› ብላኝ እዚያች ወንበር ላይ ትቀመጣለች? እንድትሞት አልፈለግሁም። ትንሽ እንድትጎዳ... ‹አበላሸችኝ፣ አንተ አስተካክለኝ› ብላ እንድትመለስ ነበር።»

ይህንንም ፍቅር ይሉታል።

ፖሊሶቹ ላይልን ሲወስዱት ኢንግሪድ የኦዴትን እጅ ጨብጣ አለቀሰች። «አዳንሽኝ!»

«ከእስር ነው ያዳንኩሽ» አለች ኦዴት እጇን እየሳበች። «ከመሰርሰርሽ በፊት እቅዱ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ አጥንቱን በጣትሽ ዳሰስሽው?»

«ስክሪኑን አምኜ... አልዳሰስኩም» አለች ኢንግሪድ።

«ይህን ለማርጆሪ ልጆች ራስሽ ንገሪያቸው። ውጭ ቆመዋል።»